የኮሞዶር 64ን የድሮ ፓወር ሰፕላይ ማመን ይብቃን

ሰሞኑን ስለ ኮሞዶር 64 የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የድሮ ኮምፒውተር ወዳጅ መሆናቸው ከየመስመሩ ያስታውቃል። ምክራቸው ግን አስደነገጠኝ። ማሽኑን አብሮት ከተሸጠው ፓወር ሰፕላይ ውጪ በምንም አታስነሱት ይላሉ።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። የድሮው የፓወር ሰፕላይ ሳጥን 40 ዓመት ሠርቷል፣ ገና ይሠራል። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጥራት የሌለው መብራት ስለሚሰጥ የድሮ ቺፖችን ይጎዳል። አምፔሩ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ያቃጥላል። የግድ ከሆነ የስልክ ቻርጀር ቆርጦ መበየድ ይበቃል፣ ማሽኑ የሚፈልገው ሌላው 9 ቮልት ፕሮግራም ለሚጫንበት ካሴት ማጫወቻ ብቻ ነውና። የሆነ ነገር ቢበላሽም ውስጥ ያለው ፊውዝ ይቀድማል። በዚያ ላይ ኦሪጅናሉን መቀየር ታሪክን ማበላሸት ነው።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይህን ምክር ተከትሎ ማሽኑን የሚሰካ ሰው መተኪያ የሌለው ቺፕ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ሚሞሪው 64 ኪሎባይት ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ አካል ናቸው። ፓወር ሰፕላዩ ግን ለብቻው ከውጭ የሚቀመጥ ከባድ ሳጥን ነው። ባለ 7 ፒን በሆነች ክብ ስፒና ሁለት ዓይነት መብራት ይልካል። አንዱ 5 ቮልት ዲሲ ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ። ሌላው 9 ቮልት ኤሲ ነው፣ እንደ ግድግዳው መብራት አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚመታ። ይህን ሁለትነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 40 ዓመቱ። ሳጥኑ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ። ከትራንስፎርመሩ አንዱ መስመር 9 ቮልት ኤሲ ሆኖ በቀጥታ ይወጣል። ሌላው ወደ ዲሲ ከተቀየረ በኋላ ሬጉሌተር በሚባል አካል ውስጥ ያልፋል። የሬጉሌተሩ ሥራ ከ5 ቮልት በላይ የሆነውን ማስቀረት ነው። ትርፉን የሚያስቀረው ደግሞ ወደ ሙቀት እየቀየረ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እስከተከፈተ ድረስ ይግላል።

ኮሞዶር ይህን የሚግል አካል ምን አደረገው? በአብዛኞቹ ሳጥኖች ውስጥ በሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ሙጫ፣ ደፈነው። ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ ሳጥኑ አይጠገንም። ሙቀቱም እንደልቡ መውጫ አያገኝም። ሬጉሌተሩና አጠገቡ ያለው ኮንደንሰር በዚያ ሙቀት ውስጥ ነው ዕድሜያቸውን የሚገፉት። 40 ዓመት መቆየቱ የጥንካሬ ማስረጃ ነው ይላሉ ጸሐፊው። እኔ ደግሞ 40 ዓመት የጋለ ሬጉሌተር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ለመበላሸት የቀረበ ነው እላለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን መበላሸቱ አይደለም። ሁሉም ዕቃ ይበላሻል። ጉዳዩ እንዴት ነው የሚበላሸው የሚለው ነው። አንድ ሬጉሌተር ዝም ብሎ ቢሞት ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ሌላ ጉዳት የለም። የኮሞዶር 64ን ሳጥን ስሙን ያጠፋው ሌላኛው አሟሟት ነው። ሬጉሌተሩ ትርፉን ማስቀረቱን ይተዋል። 5 ቮልት መሆን የነበረበት መስመር 6 ይሆናል፣ 7 ይሆናል፣ ከዚያም ያልፋል። ያ ሁሉ ቮልት ማንም ሳይከለክለው ወደ ማሽኑ ይገባል።

እነዚህ ቺፖች የተሠሩት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ድረስ እንዲሠሩ ነው። 4164 የሚባሉት የሚሞሪ ቺፖች ከ7 ቮልት በላይ እንዲሸከሙ አልተሠሩም። በቀደሙት ቦርዶች ላይ 8 ሆነው ተደርድረዋል። መስመሩ ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ፒኤልኤ የሚባለው፣ ሌሎቹን ቺፖች የሚያስተባብረው ቺፕ ይከተላል። ከዚያ ሌላው።

ሚሞሪው ዛሬም ተፈልጎ አይጠፋም። የድምፅ ቺፑን ግን ማን ይሠራልናል? ሲድ 6581ን የነደፈው ቦብ ያኔስ ነው። የተሠራውም የኮሞዶር በነበረው በሞስ ቴክኖሎጂ ነው። ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰረ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሲድ ከፋብሪካ አልወጣም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሲድ ያኔ ከተሠራው የተረፈው ብቻ ነው። አንድ በሞተ ቁጥር ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል። በዚህ ጉዳይ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ሳጥናቸውን በቴስተር ለክተው 5 ቮልት ስላገኙ ጤነኛ ነው ብለዋል። ሲለኩት ኮምፒውተሩ እንዳልተሰካበት ከጽሑፋቸው ይታያል። ሸክም የሌለበት ፓወር ሰፕላይ መልካም ቁጥር ቢያሳይ አያስደንቅም። ሲቀዘቅዝ 5.1 ያሳየ ሳጥን ግሎ 5.4 ሊያሳይ ይችላል። ደግሞም ቴስተር የሚነግረን የለካንበትን ደቂቃ ነው። ሬጉሌተሩ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም።

አንድ ነገር ግን ልቀበላቸው። ሁሉም ሳጥን አንድ አይደለም። ብሎን ያለው፣ የሚከፈት፣ ሬዚን ያልፈሰሰበት ዓይነትም ተሠርቷል። እሱን ከፍቶ ኮንደንሰሩንና ሬጉሌተሩን የቀየረ ባለሙያ ቢጠቀምበት አልከራከረውም። እሳቸው ግን ይህን ልዩነት አላነሱም። አንባቢው የትኛው ሳጥን እንዳለው ሳያውቁ ለሁሉም ሰካው አሉት።

ችግሩ የኮሞዶር ብቻም አይደለም። አታሪ 800ኤክስኤል ለተባለው የዚያው ዘመን ኮምፒውተር ከተሠሩት ፓወር ሰፕላዮች መካከል እንዲሁ በሬዚን የተደፈነ አንድ ዓይነት አለ። እሱም ሲበላሽ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ሚሞሪ በመግደል ይታወቃል።

ሁለተኛው ነጥባቸው የመብራት ጥራት ነው። ዘመናዊዎቹ ስዊችንግ የሚባሉት ናቸው። መብራቱን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ ወደሚፈለገው ቮልት ያወርዱታል። ትርፍ ወደ ሙቀት ብዙም ስለማይሄድ ቀላልና ቀዝቃዛ ናቸው። ጸሐፊው ይህ መቆራረጥ ለድሮ ቺፕ ባዕድ ነው፣ በዚያ ዘመን አይታወቅም ነበር ይላሉ።

ይታወቅ ነበር። አፕል 2 የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ሮድ ሆልት የነደፈው ስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ነበረው። ከኮሞዶር 64 በ5 ዓመት ይቀድማል። የአፕል 2 ቺፖችም የዚያው ዘመን ቺፖች ናቸው። 6502 ፕሮሰሰሩ ራሱ ከሞስ ቴክኖሎጂ የወጣ ነው፣ የኮሞዶር 64ቱ 6510ም የእሱ ዘር ነው። ኮሞዶር ትራንስፎርመርና ሬጉሌተር የመረጠው ርካሽ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ጃክ ትራሚል የሚመራው ኩባንያ በዋጋ ነበር የሚዋጋው።

ስክሪን ላይ ስለሚታዩት ቁም መስመሮችም ጽፈዋል። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከሰኩ በኋላ እንዳስተዋሏቸው ይናገራሉ። እነዚያ ደብዛዛ መስመሮች የሚመጡት በአብዛኛው ከቪዲዮ ቺፑ ከራሱና በዙሪያው ካሉት ምልክቶች ነው። በኦሪጅናሉ ሳጥንም ይታያሉ። ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ደግሞ ጎልተው ይወጣሉ። ፓወር ሰፕላዩ በሌለበት ነው የተከሰሰው።

ርካሽ፣ ስም የለሽ ስዊችንግ ግን ድምፁ ውስጥ ሲርታ ሊያስገባ ይችላል። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። መልሱ ጥሩውን መግዛት ነው እንጂ ወደ ሬዚኑ መመለስ አይደለም።

ሦስተኛው የአምፔሩ ነገር ነው። 5 ቮልት 4 አምፔር የሚል ፓወር ሰፕላይ ማሽኑን ያቃጥላል ይላሉ፣ የድሮው 1.5 ስለሆነ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ቮልት ይገፋል፤ አምፔርን ግን ማሽኑ ነው የሚስበው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ 5 ሺህ ሊትር ስለያዘ ብርጭቆ አይሰበርም። ኮምፒውተሩ ብዙ ነገር ካልተሰካበት ከ5 ቮልቱ መስመር የሚስበው ከ1 አምፔር ብዙም አይርቅም። ከሚስበው በላይ አቅም መኖሩ ፓወር ሰፕላዩ ሳይጨነቅ እንዲሠራ ያደርጋል።

ግን ስጋታቸው ውስጥ አንድ እውነት አለ። ቦርዱ ላይ ሾርት ቢፈጠር ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ብዙ አምፔር እዚያ ቦታ ላይ ማፍሰስ ይችላል። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 20 አምፔርና ከዚያ በላይ በ5 ቮልት ይሰጣል። ያንን ያለ ምንም ፊውዝ ኮሞዶር ላይ መስካት አልመክርም። 3 ወይም 4 አምፔር ያለው፣ ሾርት ሲሆን ራሱን የሚዘጋ ይበቃል።

አሁን ወደ ስልክ ቻርጀሩ ልምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው፣ ሰው ቶሎ የሚሞክረው እሱን ነውና። ቻርጀር በየቤቱ አለ፣ ጀርባው ላይ 5 ቮልት ተጽፎበታል፣ ገመድ መቁረጥም ቀላል ነው።

9 ቮልቱ ለካሴት ማጫወቻው ብቻ ነው የሚለው ስህተት ነው። የካሴቱን ሞተር የሚያዞረው እሱ መሆኑ ልክ ነው። ግን በቀደሙት ቦርዶች ላይ 9 ቮልት ኤሲው ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ተቀይሮ 12 ቮልት ዲሲ ይሆናል። 12 ቮልቱን የሚጠቀሙት የድምፅ ቺፑና የቪዲዮ ቺፑ ናቸው። ከዚሁ ከ9 ቮልቱ ሌላ የተለየ 5 ቮልትም ይሠራል። እሱ ለቪዲዮ ቺፑና የማሽኑን የሥራ ምት ለሚሰጠው ክሎክ ነው። ክሎክ ከሌለ ፕሮሰሰሩ አይራመድም። ስለዚህ 5 ቮልት ብቻ የተሰጠው የ1982 ማሽን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ጤነኛ ቺፕ መንቀል ይጀምራል። በኋላ የወጡት አጫጭር ቦርዶች 12 ቮልቱን ትተዋል። እነሱም ቢሆኑ ለሲዱ የሚሆነውን 9 ቮልት ዲሲ የሚያገኙት ከዚያው ከኤሲው ነው።

ደግሞ ሰዓቱ አለ። ማሽኑ ውስጥ ሲአይኤ 6526 የሚባሉ ሁለት ቺፖች አሉ። እያንዳንዳቸው የቀን ሰዓት ቆጣሪ አላቸው። ቆጣሪው የሚቆጥረው የ9 ቮልት ኤሲውን ምት ነው። አውሮፓና ኢትዮጵያ በሴኮንድ 50፣ አሜሪካ 60። በዚህ ሰዓት የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች አሉ። ምቱ ከሌለ ሰዓቱ ይቆማል። ምቱ ከተሳሳተም ሰዓቱ ይሳሳታል። ለ60 የተዘጋጀ ፕሮግራም በ50 ላይ ሲሠራ አንዱን ሰዓት 50 ደቂቃ ብሎ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ጥሩ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ሁለቱንም ይይዛል። ለ5 ቮልቱ ስዊችንግ ቦርድ አለው፣ ለ9 ቮልት ኤሲው ደግሞ ትንሽ ትራንስፎርመር። እዚህ ላይ ወደ አገር ቤት ዕቃ ለሚልኩ ወገኖቼ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ስዊችንጉ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ትራንስፎርመሩ ግን በአብዛኛው የተሠራው ለአንድ ቮልት ብቻ ነው። አሜሪካ ለ120 ቮልት የተሠራውን አዲስ አበባ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። የአሜሪካው የድሮ ሳጥንም እንዲሁ። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር በመሀል ቢገባም የ50ና የ60ው ልዩነት እንዳለ ይቀራል። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ የበለጠ ይግላል። ለ220 የተሠራውን መግዛት ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ቢቆይ፣ ከተረጋጋም በኋላ ቢሰካ ጥሩ ነው።

ይህን ስል ለኮሞዶር የተባለው ለሁሉም ይሠራል ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው ሌላ የድሮ ኮምፒውተር የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ ብቻ ነው። ሬጉሌተሩ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው። ለእሱ ዘመናዊ አዳፕተር ማግኘት በጣም ቀላል ነው። ግን ስፒናው መሀሉ ኔጌቲቭ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ አዳፕተሮች መሀላቸው ፖዘቲቭ ነው። ሳያዩ መሰካት አደጋ ነው።

ፊውዙ ይቀድማል የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ኮሞዶር 64 ውስጥ አንድ የ1.5 አምፔር ፊውዝ አለ። እሱም ያለው በ9 ቮልት ኤሲው መስመር ላይ ነው። ከውጭ የሚገባው 5 ቮልት በዚያ ፊውዝ በኩል አያልፍም። ቢያልፍም ኖሮ ፊውዝ የሚቆረጠው አምፔር ሲበዛ እንጂ ቮልት ከፍ ሲል አይደለም። 7 ቮልት ሲገባ ሚሞሪው ይሞታል፣ ፊውዙ ግን እንዳለ ይቆያል።

በፊውዝ ፋንታ የሚያስፈልገው ቮልቱን የሚጠብቅ መቁረጫ ነው። በፓወር ሰፕላዩና በኮምፒውተሩ መሀል የሚሰካ ትንሽ ሳጥን ነው። መስመሩ 5.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቶሎ ይቆርጣል። ተሠርቶ ይሸጣል፤ ስታኞ የለመደ ሰውም ራሱ ይሠራዋል። የድሮውን ካልተጠቀምኩ የሚል ሰው ቢያንስ ያለዚህ መቁረጫ አይሰካው። ዘመናዊ ለሚገዛም እሱ ያለበትን ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ነጥባቸው የታሪክ ነው። ይህን በአክብሮት ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም የሚሉት ይገባኛል። ዕቃው ሙሉ ሆኖ ሲታይ ያምራል። ሳጥኑ፣ ገመዱ፣ ከታች የተለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ የዚያ ዘመን ነው። አይጣል። በክብር ይቀመጥ። ግን የሚጠበቀው የትኛው ነው? ኮምፒውተሩ ነው ወይስ የሚመግበው ሳጥን? ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ካልተቻለ እኔ ኮምፒውተሩን እመርጣለሁ።

ደግሞ ኮሞዶር ራሱ ለዚያ ሳጥን ይህን ያህል ታማኝ አልነበረም። 1764 የተባለውን የሚሞሪ ማስፋፊያ ሲሸጥ ጠንከር ያለ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አብሮ ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያው አቅም ስለማይበቃ ነው። አምራቹ የቀየረውን እኛ ብንቀይር ታሪክ አላበላሸንም። ቦርዱ ላይ ምንም አይነካም፣ ምንም አይቆረጥም። ስፒና ነቅሎ ስፒና መሰካት ነው። ነገ ሐሳቡን የቀየረ ሰው እንደነበረ ይመልሰዋል።

አዲሱን ለምትሰኩ ጥቂት ልጨምር። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሰካ ለኩት። 5 ቮልቱ የቱ ፒን ላይ እንደሆነ፣ ኤሲው የቱ ላይ እንደሆነ በቴስተር አረጋግጡ። በተለይ ስፒናውን ራሳችሁ ከበየዳችሁ ይህን አትዝለሉ። 9 ቮልት ኤሲ በ5 ቮልቱ መስመር ቢገባ ማሽኑ አይተርፍም። ከዚያ ከሰካችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ በርቶ እንደገና ለኩ። ከኋላ ዩዘር ፖርት በሚባለው መሰኪያ ላይ 1 ቁጥሩ ግራውንድ (ኔጌቲቩ) ነው፣ 2 ቁጥሩ 5 ቮልት። የቴስተሩ ጫፍ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይነካ እጃችሁ ይጽና። ከ4.9 እስከ 5.1 ካገኛችሁ ሸጋ ነው። ከ4.8 በታች ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የገመዱ ነው። ቀጭን ገመድ መንገድ ላይ ቮልት ይበላል። ቮልቱን ከፍ ከማድረግ ገመዱን በወፍራም መቀየር ይሻላል። ከ5.25 ካለፈ ደግሞ ወዲያው አጥፉት።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሌላው ሁሉ ባንስማማም የስልክ ቻርጀሩን ክፍል ከጽሑፋቸው ያውጡት። የተቀረውን ለመከራከር ጊዜ አለን። ያ ክፍል ግን ዛሬውኑ አንድ ሰው መቀስ አንስቶ የሚሞክረው ነው።